አፄ ካሌብ፦ ከዘውድ ወደ ሰሌን

አፄ ካሌብን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከትምህርት ቤት በቀረችልን አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ባሕር ተሻግሮ ለናግራን ክርስቲያኖች የደረሰ ንጉሥ። ነገሩ ግን እዚያ አያልቅም። እንዲያውም ለእኔ ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ድሉ ከእጁ ማምለጥ ሲጀምር ነው።

ካሌብ የታዜና ልጅ ነው፤ ሌላው ስሙ እለ አጽብሐ ይባላል። አክሱምን የገዛው በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን ሰው ሊመካበት የሚችለው ሁሉ ነበረው፤ በስሙ የሚመታ የወርቅ ገንዘብ፣ የአዱሊስ ወደብ ንግድ፣ በባሕር ማዶ የሚፈራ ጦር፣ በቁስጥንጥንያም ወዳጅ ንጉሠ ነገሥት።

አክሱም ውስጥ የተገኘ አንድ የድንጋይ ጽሑፍ አለው። ቋንቋው ግእዝ ነው፣ ፊደሉ ግን የደቡብ ዓረቢያ። ጽሑፉ እግዚአብሔርን በማመስገን ይጀምርና መንግሥቱን የሰጠው፣ ጠላቶቹንም ያስገዛለት ያመነበት ክርስቶስ እንደሆነ ይናገራል። እምነቱ የይስሙላ ነበር አልልም። ነገር ግን ከድል ጋር አብሮ የተሰፋ እምነት ነው፤ ማሸነፉ ራሱ እግዚአብሔር ከሱ ጋር ለመሆኑ ምስክር ነበር። ሁሉ ነገር ሲሳካ ማመስገን ደግሞ ማንንም አይከብድም።

በ523 የሂምያር ንጉሥ ዙ ኑዋስ የናግራንን ክርስቲያኖች ፈጀ። ወሬው ቀይ ባሕርን ተሻግሮ አክሱም ደረሰ፤ የሮሙ ዮስጢኖስ ቀዳማዊም በእስክንድርያው ፓትርያርክ በጢሞቴዎስ በኩል ካሌብ እንዲዘምት ጠየቀ። ዘመቻው የሃይማኖት ብቻ ነበር ብሎ መጻፍ ግን የዋህነት ነው። የቀይ ባሕር ንግድ፣ የሮምና የፋርስ ፉክክር፣ አክሱም በየመን ላይ የነበራት የቆየ የይገባኛል ስሜት ሁሉም አብረው ነበሩ። የናግራን ሰማዕታት ገድል መርከቦቹን አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል፤ 15 ከአይላ፣ 20 ከክሊስማ፣ 7 ከዮታቤ፣ 2 ከበረኒቄ፣ 7 ከፋራሳን፣ 9 ከህንድ። በድምሩ 60። ካሌብ ደግሞ 10 የራሱን አሠራ።

ይህን ሁሉ ካሰናዳ በኋላ፣ ትውፊታችን እንደሚለው፣ አባ ጰንጠሌዎን ዘንድ ሄደ። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት እኚህ አባት ከአክሱም አጠገብ ባለች ኮረብታ ላይ፣ በጠባብ በዓት ውስጥ 45 ዓመት ቆመው እንደጸለዩ ይነገራል። እስቲ አስቡት፦ 70 መርከብ ያለው ሰው፣ ከቆመባት ቦታ በስተቀር ምንም የሌለውን ሰው ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ ይጠይቃል። አባ ጰንጠሌዎን ባረኩትና ዘመተ።

በ525 ድል አደረገ፤ ዙ ኑዋስም ሞተ። ካሌብ በሂምያር አብያተ ክርስቲያናት አሠርቶ፣ ሱምያፋ አሽዋ የሚባል የአገሩን ክርስቲያን አንግሦ፣ ጦር ትቶ ተመለሰ። በ531 ገደማ ከዩስጢንያኖስ የመጣ መልእክተኛ ያየው ካሌብ በክብሩ ጣሪያ ላይ ያለው ካሌብ ነው። አራት ዝሆኖች በሚስቡት፣ በወርቅ በተለበጠ ሠረገላ ላይ ቆሟል። ራሱ ላይ በወርቅ ያጌጠ የተልባ እግር ጥምጥም፣ አንገቱ ላይ የወርቅ ድሪ፣ በእጁ በወርቅ የተለበጡ ትንሽ ጋሻና ሁለት ጦሮች ነበሩ።

ያኔ ግን ከባሕሩ ማዶ ነገሩ መናድ ጀምሯል። አክሱም ትታው የመጣችው ጦር አብርሃን ይዞ ሱምያፋን ከዙፋን አወረደ። አብርሃ፣ ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው፣ አዱሊስ ይነግድ የነበረ የአንድ ሮማዊ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ካሌብ በዘመዱ አዛዥነት 3,000 ወታደር ላከ። ወታደሮቹ አገሩ ተስማማቸውና አዛዣቸውን ገድለው ከአብርሃ ጋር ቀሩ። ሁለተኛ ጦር ላከ፤ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ አልላከም።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። የመኖሪያ ወረቀት፣ ደመወዝ፣ የቤት ብድር፣ የጡረታ ቁጠባ እያልን በሰው አገር ዋስትና ስንደራርብ ለምንኖር ሰዎች፣ በባሕር ማዶ የተሠራ ነገር በአንድ ቀን ከእጅ ሲወጣ ምን እንደሚመስል መገመት አያቅተንም። ለንጉሥ ደግሞ ሌላ ጥያቄም አለበት፦ ድሉን የሰጠው እግዚአብሔር ከነበረ፣ ሽንፈቱንስ? አብዛኛው ንጉሥ ሦስተኛ ጦር ይልክ ነበር። ወይም ጥፋተኛ ፈልጎ ይሰቅል ነበር።

ካሌብ ያደረገው ሌላ ነው። ትውፊት እንደሚነግረን ዘውዱን አወለቀና በጌታ መቃብር እንዲሰቀል ወደ ኢየሩሳሌም ላከው፤ መንግሥቱን ለልጁ ትቶ ወደ ገዳም ገባ። ይዞ የገባውም የውኃ መጠጫና ሰሌን ብቻ ነው ይባላል። ቀድሞ ምርቃት ሊቀበል የወጣበትን የአባ ጰንጠሌዎንን ኑሮ አሁን ለራሱ ወሰደው። አብርሃ ለአክሱም ለመገበር የተስማማው ካሌብ ከሞተ በኋላ ነው። ያ ሁሉ መርከብና ጦር ያላስመለሰውን ነገር እሱ በዓይኑ አላየውም።

ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 20 ታስበዋለች፤ ቀኑን ብዙዎቻችን በሌላ ምክንያት ብናስታውሰውም። ካቶሊኮችም ኤሌስባን ብለው ያከብሩታል። ከሁሉ የሚገርመኝ የብራዚሉ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ፣ በባርነት ተጭነው የሄዱ አፍሪካውያንና ነፃ የወጡ ወገኖቻቸው በስሙ ማኅበር አቁመው ቤተ ክርስቲያን ሠሩለት። አገራቸውን፣ ቤተሰባቸውን፣ ስማቸውን ሳይቀር የተነጠቁ ሰዎች ናቸው። በዚያ አገር ምስሎቹ ላይ ካሌብ የሚታየው የመነኩሴ ልብስ ለብሶ ነው።

አክሱም የሄደ ሰው ከከተማዋ ወጣ ብሎ የካሌብና የገብረ መስቀል መቃብር የሚባሉትን ሁለት ሕንፃዎች ያያል። ተጠርበው ያለ ጭቃ የተገጣጠሙት ድንጋዮች እስካሁን ያስደንቃሉ። ትውፊቱ ግን ካሌብ ያረፈው እዚያ አይደለም ይላል፤ አባ ጰንጠሌዎን ኮረብታ ላይ ነው።