አለቃ ገብረ ሐናና ስማቸውን የተዋሱ ተራቾች

በደብረ ታቦርም ሆነ በንፋስ መውጫ፣ ጨዋታ አዋቂ ባለበት ሁሉ የአለቃ ገብረ ሐና ስም ይነሣል። በ1814 ዓ.ም. ፎገራ ውስጥ ናበጋ ጊዮርጊስ እንደ ተወለዱ የሚነገርላቸው እኒህ ሊቅ በጎንደር በኣታ ያገለገሉ፣ በቅኔም በአቋቋምም የተመሰከረላቸው ነበሩ። እስከ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የደረሰው ቀልዳቸው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ብዙ ሰው ስማቸውን እየተዋሰ የራሱን ፈጠራ ጨመረበት። ዛሬ የአለቃውን ከጨማሪው መለየት ያዳግታል። እንግዲህ በቀልድ ረገድ ስም የለሹ ተራች ከሊቁ እኩል ቆሟል ማለት ነው፤ አንዳንዱማ ሳይበልጥ አይቀርም።

ነገር ግን አለቃው ራሳቸው በሌላ ሰው ሥራ ላይ የጨመሩ ናቸው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ የድጓ መምህራን በጋይንት ቤተልሔም እየተመሰከሩ ያቆዩት፣ የቆየ ሥራ ነው። አለቃ ገብረ ሐና ዜማውን ሳይነኩ በዝማሜው ላይ ተራቀቁ። በጣና ዳር ደንገሉ በነፋስ ወዲያና ወዲህ ሲል አይተው የመቋሚያውን እንቅስቃሴ ከዚያ እንደ ቀዱ ይተረካል። ይህ እንደ ቀልዱ በአንድ ምሽት ጨዋታ የሚቀዳ አይደለም፤ መምህርና ብዙ ዓመት ይጠይቃል። ለዚህም ይመስላል ስማቸውን ተውሶ ዝማሜ የጨመረ ያልተሰማው።

የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት አልተቀበሉላቸውም። ልጃቸው ተክሌ ግን ከአባቱ ተምሮ በደብረ ታቦር አስተማረው፤ የአባት ድካም እስከ ዛሬ የተክሌ ዝማሜ እየተባለ ይጠራል።