የአባጨጓሬዎች ወዳጅ፦ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን



በቡሉክ ዝናብ ጥሎ ሣሩ ሲለመልም ቢራቢሮ ያላባረረ ልጅ ከመካከላችሁ ይኖር ይሆን? ማታም መብራት ስትለኩሱ የእሳት እራት ይዞረዋል። እነዚህ ከየት እንደሚመጡ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ከ350 ዓመት በፊት የጠየቀች አንዲት ልጅ ነበረች።

ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1647 በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደች። አባቷ የሞተው ገና በሕፃንነቷ ነው፤ ሥዕል ያስተማራት የእንጀራ አባቷ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች ትል ከጭቃና ከብስባሽ በራሱ የሚፈጠር ይመስላቸው ነበር። እርሷ ግን በ13 ዓመቷ የሐር ትል እያሳደገች መመልከት ጀመረች። ቀጥላም ከሜዳው አባጨጓሬ እየለቀመች ቅጠል ትመግብ ነበር። ዕንቁላሉ ተፈልፍሎ ትል ሲሆን፣ ትሉ ራሱን ሸፍኖ እንደ ሞተ ጸጥ ብሎ ሲሰነብት፣ ከዚያም ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ በዓይኗ አየች። አባጨጓሬ ያገኘውን ቅጠል ሁሉ እንደማይበላም ተረዳች። በ1679 ባሳተመችው መጽሐፍ እያንዳንዱን ትል ከሚመገበው ተክል ጋር ሣለችው።

ኑሮዋ የተደላደለ አልነበረም። ትዳሯ ፈረሰ፤ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ወደ ሆላንድ ተሰደደች። በአምስተርዳም ሥዕል እየሸጠችና እያስተማረች ኖረች። በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ሥዕሎቿን ሸጣ ከታናሽ ልጇ ጋር በመርከብ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ወደ ሱሪናም ተጓዘች። በዚያ ጫካውን እየመነጠሩ ያሳለፏት፣ ነፍሳትን እየያዙ ያመጡላት፣ የተክሉን ጥቅም የነገሯት የአገሩ ተወላጆችና በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ። ስማቸው ግን በመጽሐፏ አልተጻፈም። እኛ ልናስባቸው ይገባል። ታማ በ1701 ተመለሰች፤ በ1705 ስለ ሱሪናም ነፍሳት 60 ሥዕሎች ያሉበትን ታላቅ መጽሐፍ አሳተመች። በ1717 አረፈች።

ልጆች፣ እናንተም ሞክሩ። አባጨጓሬ ስታገኙ ካገኛችሁበት ተክል ቅጠል ጋር ቀዳዳ ባለው ጣሳ ውስጥ አኑሩት፤ ቅጠሉን በየቀኑ ለውጡለት፤ ያያችሁትን በደብተራችሁ ሣሉ። ጠጉራሙን በእጃችሁ አትንኩ፣ ያሳክካል። እባብ ስለሚኖር ረጅም ሣር ውስጥ ብቻችሁን አትግቡ። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ትል ይዞ ቢመጣ አትቆጡት፤ አብራችሁት ጠብቁ።