ፌሩቾ ላምቦርጊኒ

ፌሩቾ ላምቦርጊኒ (ሚያዝያ 20 ቀን 1908 ዓ.ም. – የካቲት 13 ቀን 1985 ዓ.ም.) ጣሊያናዊ መካኒክ፣ የትራክተር አምራችና በስሙ የሚጠራው የስፖርት መኪና ፋብሪካ መሥራች ነበር። የገበሬ ልጅ ሲሆን ሙያውን ያዳበረው በአብዛኛው የተበላሹ ሞተሮችን በመፍታትና መልሶ በመግጠም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ዕቃዎችን አገጣጥሞ ትራክተር ሠራ፤ በትራክተሩም በለጸገ። በሀብቱ የገዛት ፌራሪ ደጋግማ ስታስቸግረው በራሱ ጋራዥ አስፈትቶ አሻሻላት፤ ከዚያም የራሱን መኪና ለመሥራት ተነሣ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ላምቦርጊኒ ኤፕሪል 28 ቀን 1916 በሰሜን ጣሊያን፣ በኤሚሊያ ሮማኛ ክልል፣ ለቼንቶ ከተማ ቅርብ በሆነችው ሬናትሶ መንደር ተወለደ። አባቱ አንቶኒዮና እናቱ ኤቨሊና ወይን አብቃይ ገበሬዎች ነበሩ። ልጁ ግን ከእርሻው ይልቅ ልቡን የሳበው የእርሻው መሣሪያ ነበር። ፍላጎቱ ወደ ብረትና ወደ ሞተር መሆኑ ስለታወቀ በቦሎኛ አካባቢ የቴክኒክ ትምህርት ተማረ።

ያደገበት አገር ራሱ የሞተር አገር ነበር። ፌራሪ፣ ማዜራቲና ዱካቲ የተባሉት ፋብሪካዎች ሁሉ በዚያው ክልል፣ በቦሎኛና በሞዴና ዙሪያ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ብረት የሚያቀልጥ፣ ፒስቶን የሚሞርድ፣ ማርሽ የሚቆርጥ ባለሙያ በቅርብ ይገኝ ነበር። ይህ በኋላ ለሥራው ትልቅ አስተዋጽኦ አድርጓል።

በሮዴስ ደሴት

በ1940 ላምቦርጊኒ ለውትድርና ተጠርቶ በጣሊያን አየር ኃይል ውስጥ መካኒክ ሆነ። የተመደበውም ከ1912 ጀምሮ በጣሊያን እጅ በነበረችው የሮዴስ ደሴት ሲሆን፣ ሥራው የጦሩን ተሽከርካሪዎች መጠገን ነበር። ደሴቲቱ ከዋናው ምድር በባሕር የተለየች በመሆኗ በጦርነት ጊዜ መለዋወጫ እንደልብ አይገኝም። የተሰበረውን ከመጣል ይልቅ መበየድ፣ ከአንዱ መኪና የተነቀለውን ለሌላው ማስማማት የዕለት ተዕለት ሥራ ሆነ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ደሴቲቱን እንግሊዞች ያዙ፤ ላምቦርጊኒም ምርኮኛ ሆኖ ቆይቶ በ1946 ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1947 የመጀመሪያ ሚስቱ ወንድ ልጃቸውን አንቶኒዮን (ቶኒኖን) ስትወልድ ሞተች።

ቶፖሊኖና የሚሌ ሚሊያ ውድድር

ላምቦርጊኒ ከጦርነቱ በኋላ በቼንቶ አካባቢ አነስተኛ ጋራዥ ከፈተ። በትርፍ ጊዜውም ፊያት ቶፖሊኖ የተባለችውን ትንሽ መኪና ገዝቶ ያሻሽል ጀመር። የቶፖሊኖ ሞተር ከፋብሪካ ሲወጣ 569 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይዘትና 13 ያህል የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበረው። ላምቦርጊኒ ይዘቱን ወደ 750 ሴንቲ ሜትር ኩብ አሳደገው፤ ጣሪያዋንም አስወግዶ ክፍት ባለሁለት መቀመጫ አደረጋት።

የሞተርን ይዘት ማሳደግ የሚቻለው ሲሊንደሩን በማስፋት ወይም የፒስቶኑን ምልልስ በማስረዘም ነው። ይዘቱ ሲጨምር በአንድ ጊዜ የሚቃጠለው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይበዛል፤ ጉልበቱም ያድጋል። ነገር ግን ሙቀቱም አብሮ ያድጋል፤ የሞተሩ ጉልበት ብቻ ጨምሮ ፍሬኑ፣ ሞላውና ጎማው እንደ ነበረ ከቀረ መኪናዋን መቆጣጠር ይከብዳል። በቤት ውስጥ መኪና የሚያሻሽል ሰው ሁሉ የሚገጥመው ጥያቄ ይህ ነው።

በ1948 ላምቦርጊኒ በዚህችው መኪና ሚሌ ሚሊያ በተባለው ዝነኛ የጎዳና ውድድር ገባ። የውድድሩ ስም አንድ ሺህ ማይል ማለት ነው። ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳ በኋላ በቱሪን አቅራቢያ በምትገኘው ፊያኖ ከመንገድ ወጥቶ ከአንድ ምግብ ቤት ጋር ተጋጨ። ከዚያ በኋላ ራሱ የመወዳደር ፍላጎቱ ጠፋ፤ ፋብሪካ ከከፈተም በኋላ መኪናዎቹ በውድድር እንዲሳተፉ አልፈቀደም።

ትራክተሮቹ

ጣሊያን ከጦርነቱ ስትወጣ ገበሬው ማረሻ መሣሪያ አጥቶ ነበር፤ በየሜዳው ደግሞ የጦር ሠራዊት ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ተከማችተው ይሸጡ ነበር። ላምቦርጊኒ ሁለቱን አገናኛቸው። ሞሪስ የተባለውን የእንግሊዝ ሞተርና ሌሎች ከጦሩ የተረፉ ክፍሎችን እየገዛ በማገጣጠም ካሪዮካ የተባለውን ትራክተር በ1948 አቀረበ።

ቤንዚን ውድ ስለነበረ አንድ ማሻሻያ ጨመረበት። ሞተሩ በቤንዚን ይነሣና ከሞቀ በኋላ ርካሽ ወደሆነው ነዳጅ ይዞራል፤ ይህን ያስቻለውም ነዳጁን ወደ ሲሊንደር ከመግባቱ በፊት የሚያተን መሣሪያ ነበር። ገበሬዎች ወደዱት። በ1950ዎቹ ድርጅቱ ናፍጣ የሚጠቀሙ ትራክተሮችን በገዛ ፋብሪካው እያመረተ ከጣሊያን ታላላቅ የእርሻ መሣሪያ አምራቾች አንዱ ለመሆን በቃ። በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ላይም ላምቦርጊኒ የቤት ማሞቂያ የሚሠራ ሌላ ድርጅት አቋቋመ።

የፌራሪዋ ፍሪሲዮን

ሀብት ሲመጣ ላምቦርጊኒ ፈጣን መኪናዎችን መግዛት ጀመረ። አልፋ ሮሜዮ፣ ላንቺያ፣ መርሴዲስ፣ ጃጓርና ማዜራቲ ነበሩት። በ1958 ወደ ማራኔሎ ሄዶ ፌራሪ 250 ጂቲ ገዛ፤ በኋላም ሌሎች ፌራሪዎችን ጨመረ። ፍጥነታቸውን ቢያደንቅም ጩኸታቸው የበዛ፣ ውስጣቸው ያልተስተካከለ፣ ለጎዳና ሳይሆን ለውድድር የተሠሩ ሆነው አገኛቸው። ከሁሉ በላይ ያስቸገረው ፍሪሲዮኑ ነበር።

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፍ ክፍል ነው። በሞተሩ በኩል ያለው ከባድ ጎማ መሰል ብረትና በካምቢዮ በኩል ያለው ዲስክ በሞላ ኃይል ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ፤ ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ይላቀቃሉ። ዲስኩ ለሞተሩ ጉልበት ካነሰ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም እንደሚወስደው ባለ ዳገታማ መንገድ ላይ ጭነት የሚነዳ ሹፌር የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታን ሳይነገረው ያውቀዋል። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ጎማ የሚሉት የኢትዮጵያ ጋራዦች ቃላት የመጡት ከጣሊያንኛ ስለሆነ፣ ላምቦርጊኒ ስለ መኪናው ሲያማርር የተናገራቸው ቃላት ለአገራችን መካኒኮች እንግዳ አይደሉም።

የፌራሪዋ ፍሪሲዮን በተበላሸ ቁጥር መኪናዋ ወደ ማራኔሎ ትመለሳለች፤ የፋብሪካው ሠራተኞችም ወስደዋት ለሰዓታት ይቆያሉ፤ ባለቤቷ ሥራውን እንዲያይ አይፈቀድለትም። ዕድሜውን በጥገና ላሳለፈ ሰው ይህ የማይዋጥ ነገር ነበር። በሰፊው እንደሚነገረው ላምቦርጊኒ በመጨረሻ መኪናዋን በራሱ ፋብሪካ አስፈታት፤ የተገጠመላትም ፍሪሲዮን እርሱ ለትራክተሮቹ ከሚገዛው ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ዋጋው ግን እጅግ ይለያይ ነበር። የበለጠ ጠንካራ ፍሪሲዮን አስገጠመ፤ ከ250 ጂቲዎቹ አንዷንም ከፋብሪካ ከሚወጡት እህቶቿ የበለጠች እስክትሆን አሻሻላት።

ከዚያም ቅሬታውን ለኤንዞ ፌራሪ በአካል አቀረበ። ላምቦርጊኒ በኋለኛ ዘመኑ እንዳወሳው፣ ኤንዞ ፌራሪ ትራክተር ከመንዳት በቀር የስፖርት መኪና አያያዝ አያውቅም በሚል ስሜት መለሰው። ይህ ታሪክ በተለያየ መልክ ስለሚተረክ የንግግሩ ዝርዝር አንድ ዓይነት አይደለም። ቁጣው ብቻውን ፋብሪካ አያስከፍትም፤ ላምቦርጊኒ ለትራክተር የሚገዛቸውን ዓይነት ክፍሎች ውድ በሆነ መኪና ላይ ገጥሞ ቢሸጥ ትርፉ ብዙ እጥፍ እንደሚሆንም አስልቶ ነበር።

የመኪና ፋብሪካው

ላምቦርጊኒ በ1963 በሳንታጋታ ቦሎኜዜ የመኪና ፋብሪካ መሠረተ። በሚያዝያ ወር የተወለደ በመሆኑ ኮከቡ በሬ ነበር፤ የድርጅቱም ምልክት በሬ ሆነ። ቀደም ሲል ከፌራሪ የለቀቀው መሐንዲስ ጆቶ ቢዛሪኒ ባለ12 ሲሊንደርና 3.5 ሊትር ሞተር ነደፈለት። ጃን ፓኦሎ ዳላራ ዋና መሐንዲስ፣ ፓኦሎ ስታንዛኒ ረዳቱ፣ የኒውዚላንድ ተወላጁ ቦብ ዋላስ ደግሞ ሞካሪ ሹፌር ሆኑ።

350 ጂቲቪ የተባለችው የሙከራ መኪና በዚያው ዓመት በቱሪን ትርኢት ቀረበች። ሞተሩ በቦታው አልገጠም ስላለ በምትኩ ክብደት እንዲሆን ጡብ ተጭኖ፣ ኮፈኗ ሳይከፈት ታየች። ቢዛሪኒ የሠራው ሞተር 360 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ነገር ግን ጉልበቱን የሚሰጠው በጣም በፍጥነት ሲዞር ነበር። ላምቦርጊኒ ግን የሚፈልገው በየሳምንቱ የማይፈታ ሞተር ነበር። ዳላራ የቅባት አሠራሩን ቀላል አደረገ፤ ካርቡሬተሮቹን ለወጠ፤ የሞተሩን እመቃ ቀነሰ። ጉልበቱ ከ300 በታች ወረደ፤ ሞተሩ ግን ጸጥ ያለና ዕድሜው የሚረዝም ሆነ። ጉልበት መቀነስም ማሻሻያ ሊሆን እንደሚችል ያሳየ ውሳኔ ነበር።

በዚህ መልክ የተስተካከለችው 350 ጂቲ በ1964 ወጣች። እስከ ዓመቱ መጨረሻ 13 ብቻ የተሠሩ ሲሆን፣ ዋጋቸው ከፌራሪ እንዳይርቅ ሲባል በኪሳራ ተሸጡ። ሥራው ግን ቀጥሎ በ1966 400 ጂቲ ተከተለች።

ሚዩራ

ዳላራ፣ ስታንዛኒና ዋላስ ከመደበኛ ሥራቸው ውጭ በራሳቸው ጊዜ ሌላ መኪና ያስቡ ነበር። ሞተሩን ከሹፌሩ ኋላ፣ በአግድም አስቀመጡት። ሻንሲው በ1965 በቱሪን ታየ፤ ማርቼሎ ጋንዲኒ በቤርቶኔ ድርጅት የነደፈው አካል ተጨምሮበት በ1966 በጄኔቫ ሲቀርብ ዓለም ተደነቀ። ስሟም ከስፔናዊው የተዋጊ በሬ አርቢ ከኤድዋርዶ ሚዩራ ተወሰደ።

ሚዩራ ጉድለት አልጠፋባትም። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ከፊት ስለነበረ ነዳጁ ሲያልቅ የፊት ጎማዎች ይቀሉና በከፍተኛ ፍጥነት መሪው ይሳሳል። ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ቅባት ይጋሩ ስለነበር ከማርሾቹ የሚረግፍ የብረት ብናኝ ወደ ሞተሩ ሊዘልቅ ይችላል። ፋብሪካው በ1968 ኤስ፣ በ1971 ኤስቪ የተባሉትን የተሻሻሉ ዓይነቶች አወጣ፤ ከመጨረሻዎቹ ኤስቪዎች በአንዳንዶቹ ላይም የሞተሩና የካምቢዮው ቅባት ተለያየ። ዋላስም በ1970 ዮታ የተባለችውን ቀለል ያለችና ጉልበቷ የጨመረ ሚዩራ ሠራ፤ ላምቦርጊኒ ግን ወደ ውድድር እንድትገባ አልተስማማም።

ኪሳራና ሽያጭ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቦሊቪያ መንግሥት ሲለወጥ ተዘጋጅቶ የነበረ ከፍተኛ የትራክተር ትእዛዝ ተሰረዘ። ሌሎች ኪሳራዎችም ተደራረቡ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ጠንካራ በመሆናቸው ሠራተኛ መቀነስ አልተቻለም። መላው ሀብቱን የተሸከመው ትራክተር ስለነበር ችግሩ ወደ መኪናው ፋብሪካም ደረሰ። የትራክተሩ ድርጅት ሳሜ ለተባለው ጣሊያናዊ አምራች ተሸጠ። የመኪናውን ፋብሪካ 51 በመቶ የስዊስ ተወላጁ ዦርዥ ሄንሪ ሮሴቲ ገዛ፤ በ1974 ደግሞ ቀሪው 49 በመቶ ለሬኔ ላይመር ተሸጠ። ስሙ በመኪናዎቹ ላይ ቢቀጥልም ላምቦርጊኒ ከዚያ በኋላ በፋብሪካው ድርሻ አልነበረውም።

የመጨረሻ ዘመኑ

ላምቦርጊኒ በኡምብሪያ ክልል፣ በትራሲሜኖ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ፓኒካሮላ ርስት ገዝቶ ወደ ወላጆቹ ሙያ ተመለሰ። ወይን አለማ፤ ከሚጠምቃቸው ወይኖች አንዱም የሚዩራ ደም በሚል ስም ታወቀ። ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1993 በፔሩጃ ከተማ በ76 ዓመቱ አረፈ። 

ቅርስ

የመኪናው ፋብሪካ ከብዙ የባለቤትነት ለውጥ በኋላ በ1998 በጀርመኑ አውዲ ሥር ገባ፤ እስከ ዛሬም በሳንታጋታ ቦሎኜዜ ያመርታል። ላምቦርጊኒ የሚባሉ ትራክተሮችም በሌላ ድርጅት ሥር መመረታቸውን አላቋረጡም። ልጁ ቶኒኖ ለአባቱ መታሰቢያ ሙዚየም የከፈተ ሲሆን፣ በዚያም የመጀመሪያዎቹ ትራክተሮች ከስፖርት መኪናዎቹ ጎን ይታያሉ።