ዶክተር ፖል ኤርሊኽ፦ በሽታውን ለይቶ የሚመታ መድኃኒት ሐሳብ አመንጪ

ዶክተር ፖል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1854 ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው፣ በዘመኑ ግን የፕሩሲያ ግዛት በነበረችው ስትሬለን ከተማ ተወለዱ። የሕክምና ተማሪ ሳሉ ማቅለሚያዎች ሁሉንም የሰውነት ክፍል እኩል እንደማያቀልሙ፣ አንዱን ሕዋስ ይዘው ሌላውን እንደሚያልፉ አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1878 ለዶክትሬት ዲግሪ ያቀረቡት ጥናትም በዚሁ ላይ ያተኮረ ነበር። ቀለም ሕዋስን ከሕዋስ የሚለይ ከሆነ፣ መድኃኒትም ጤነኛውን አካል ሳይጎዳ በሽታውን ብቻ ሊመታ ይችላል የሚለው እምነታቸው የተጠነሰሰው ከዚህ ነው።

በምርምር ላይ ሳሉ በሳንባ ነቀርሳ ተይዘው ወደ ግብፅ በመሄድ ካገገሙ በኋላ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በበሽታ መከላከል አቅም ላይ ባካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1908 ከኢልያ ሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። በቀጣዩ ዓመት ከጃፓናዊው ሐኪም ሳሃቺሮ ሃታ ጋር 606 የተሰኘው ውሕድ ለቂጥኝ ፈውስ እንደሚሰጥ አረጋገጡ። ይሁንና አርሰኒክ ያለበት በመሆኑ ከጉዳት ነፃ አልነበረም።

በካንሰር ላይ ያደረጉት ሙከራ ግን ፍሬ ሳያፈራ እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 1915 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ኬሞቴራፒ የሚለውን ስያሜ ያወጡት እርሳቸው ሲሆኑ፣ ያነሡት ጥያቄ ዛሬም የካንሰር ሕክምና ዐቢይ ጉዳይ ነው። መድኃኒቱ በፍጥነት የሚራቡ ጤነኛ ሕዋሳትንም ስለሚያጠቃ የፀጉር መርገፍ፣ የማቅለሽለሽና የደም ሕዋሳት መቀነስ ያስከትላል።

እ.ኤ.አ. በ1975 ጀርመናዊው ኬሚስት ሄልሙት ሪንግስዶርፍ መድኃኒትን ከፖሊመር ጋር አያይዞ ወደ ታመመው ክፍል የማድረስ ንድፍ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ የአካባቢያቸውን ለውጥ የሚለዩ ፖሊመሮች ተሠርተዋል። የካንሰር እብጠት አካባቢ ከጤነኛው አካል ይልቅ በመጠኑ አሲዳማ ስለሚሆን፣ ተሸካሚው ፖሊመር በዚያ ሲደርስ ተፈትቶ መድኃኒቱን ይለቃል። ሆኖም ከተሸካሚዎቹ ብዙዎቹ በጉበትና በጣፊያ ስለሚያዙ ምርምሩ ገና አልተቋጨም።

በመሆኑም በኬሞቴራፒ ላይ ያሉ ታካሚዎች የጎንዮሽ ጉዳት ሲሰማቸው ሕክምናውን በራሳቸው ውሳኔ ከማቋረጥ ተቆጥበው ለሐኪማቸው ሊያሳውቁ ይገባል። በተለይም ትኩሳት የታየበት ታካሚ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።