አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም፦ ከንባብ ፍቅር ወደ ሕፃናት ትምህርት

በጌምድር ከጥንት ጀምሮ የጉባኤ ቤት አገር ነው። በጋይንት ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት የታወቁ የምስክር ጉባኤዎች ናቸው። ይሁን እንጂ መጽሐፍ በብራና ላይ በእጅ ይጻፍ በነበረበት ዘመን ብዙው የቆሎ ተማሪ ትምህርቱን የያዘው በቃሉ ነበር፤ የራሴ የሚለው መጽሐፍ አልነበረውም።

አለቃ ታዬ በ1850ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በበጌምድር፣ በይፋግ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ምጽዋ ወርደው በምንኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው የሊቃውንቱን ትምህርት ቀሰሙ። ንባብን የሚወድ ሰው ብዙ ነው፤ ያነበበውን ለሌላው እንዲመች አድርጎ የሚያሰናዳ ግን ጥቂት ነው። አለቃ ታዬ በምንኩሉ ልጆችን ከማስተማራቸውም በላይ፣ በ1889 ዓ.ም. የሰዋስው መጽሐፋቸውን በዚያው አሳተሙ። ከመምህር አፍ ብቻ ይገኝ የነበረው ዕውቀት በዚህ መንገድ በተማሪው እጅ ገባ።

ዳግማዊ ምኒልክ ወደ በርሊን ልከዋቸው በዚያ ግዕዝና አማርኛ አስተማሩ። በእምነታቸው ምክንያት ተከሰው ቢታሰሩም ብዕራቸውን አልጣሉም። የኢትዮጵያን ሕዝብ ታሪክ ጽፈው፣ በ1916 ዓ.ም. አረፉ።

እንግዲህ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትምህርት ቤት የሚያንጽ ሁሉ ግድግዳውን አቁሞ፣ ጣሪያውን መትቶ ቢጨርስ ሥራው ገና እኩሌታ መሆኑን ያስብ። የቀረው እኩሌታ ሕፃኑ ወደ ቤቱ ይዞት የሚገባው መጽሐፍ ነው።