ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ እና የሥጋ ጤና

በስፔን አገር በሎዮላ የተወለደው ቅዱስ ኢግናጥዮስ በ1521 (እ.ኤ.አ.) በፓምፕሎና ውጊያ እግሩ በመድፍ ተሰበረ። ሕይወቱን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ በማንሬሳ ሲኖር በጾምና በትጋሃ ሌሊት ብዛት ሥጋውን ክፉኛ ጎዳ፤ የሆድ ሕመምም እስከ ሞቱ አልተለየውም።

ኋላ ግን ከስሕተቱ ተማረ። የኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ ሆኖ ሳለ ለሐኪም ይታዘዝ ነበር። በ1548 ለፍራንቼስኮ ቦርጂያ ጾሙን እንዲቀንስና ሆዱን እንዲጠብቅ ጻፈለት፤ በማኅበሩ ደንብም በየቤቱ የአባላቱን ጤና የሚከታተል ሰው እንዲኖር አዘዘ። በ1556 በሮም ባረፈ ጊዜ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም በውስጡ ብዙ ጠጠር አገኘ።

እንግዲህ ስኳር ወይም የደም ግፊት ያለብን ምእመናን መድኃኒታችንን በሰዓቱ መውሰዳችን፣ ምግባችንንም መመጠናችን የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ሥጋችን ከእግዚአብሔር የተቀበልነው አደራ ነውና።