ጄምስ ብሩስና በእግሩ ውስጥ የተበጠሰው ትል

ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 በስኮትላንድ ተወለደ። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ከሠራ በኋላ በ1769 በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ። በማግሥቱ ዓመት ጎንደር በደረሰ ጊዜ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና፣ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት የታመሙትን ሕፃናት አስታመመ፤ በዚህም መወደድን አተረፈ። ኖቬምበር 4 ቀን 1770 ግሽ አባይ ደርሶ ምንጩን አየ። ከእርሱ በፊት ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ቦታውን ማየቱን ሊያምን አለመፈለጉ ግን የሚያስነቅፈው ነው።

ብሩስ በስናር አድርጎ የኑቢያን በረሃ አቋርጦ ግብፅ ሲደርስ እግሩ ውስጥ የጊኒ ትል ነበረበት። ይህ ትል ከመጠጥ ውኃ ጋር ገብቶ አንድ ዓመት ያህል በአካል ውስጥ ካደገ በኋላ ቆዳ ቀዶ ይወጣል። መድኃኒቱ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየጠቀለሉ ማውጣት ነው። በ1773 ወደ ማርሴይ በሚጓዝበት መርከብ ላይ ግን በሐኪሙ ጥንቃቄ ማነስ ትሉ ተበጠሰ። እግሩ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ እስከማይለይ ድረስ አበጠ፤ ሕመሙም እጅግ ጸናበት።

ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የኖረ ትል ሲበጠስ ስለምን እንዲህ ያለ ጣጣ አመጣ? ሕያው ትል የአካልን ዘበኞች ማዘናጋት ይችላል፤ ሲበጠስ ግን በውስጡ ያለው ፈሳሽ ሥጋ ውስጥ ይፈስሳልና ነጭ የደም ሕዋሳት ይሰበሰባሉ። በ1882 ሜችኒኮፍ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በመሲና ከተማ በባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰክቶ፣ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ሲከቡት አየ። ማክሮፋጅ የሚባሉት ትልልቅ ሕዋሳት ትንሹን ባዕድ ነገር ይውጡታል። ከአቅማቸው በላይ ሲሆን እርስ በርሳቸው ተዋሕደው ይከቡታል፤ ጭረት ሠሪ ለሆኑት ሕዋሳትም መልእክት ይልካሉ። እነዚህም ኮላጅን እየፈተሉ ባዕዱን በጠባሳ ያጥሩታል።

የዛሬ ሐኪም ለበጎ ያስገባውን የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሲሊኮንም አካል የሚቀበለው በዚሁ ዓይነት አጥር ነው። አጥሩ ስስ ከሆነ አይጎዳም። ሲወፍርና ሲጠብቅ ግን ሲሊኮኑን ጨምቆ ያሳምማል፤ ከቆዳ ሥር የተቀበረ የስኳር መለኪያም ልኩ ይዛባል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚደክሙት የዕቃውን ገጽ በመለወጥ ማክሮፋጆቹን ለማረጋጋት ነው።

የብሩስ እግር ከብዙ ሥቃይ በኋላ ዳነ። የጉዞውን ታሪክ በ1790 በአምስት ጥራዝ ቢያሳትምም፣ ከአገሩ ሰዎች ብዙዎቹ አላመኑትም። በአፕሪል 1794 አንዲት እንግዳ ሊሸኝ ሲወጣ ከገዛ ቤቱ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ በማግሥቱም ሞተ።